አስፕሪንን ለጓሮ አትክልት ዕድገት በአግባቡ መጠቀም

በብዙ ቤቶች የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ የማይጠፋው አስፕሪን፣ ለራስ ምታትና ለትኩሳት ከሚሰጠው አገልግሎት ሌላ የጓሮ አትክልትንም ያሳድጋል እየተባለ በአትክልተኞች መካከል ሲነገር ቆይቷል። አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሆኖም የሚነገርበት መንገድ ብዙውን ጊዜ ሰውን ወደ ተሳሳተ አጠቃቀም ይመራል። አስፕሪን ማዳበሪያ አይደለም። ናይትሮጅንም፣ ፎስፈረስም፣ ፖታሲየምም ስለሌለው የደከመ አፈርን አያበለጽግም፤ ጥላ ውስጥ የተተከለን ችግኝም ፀሐይ እንዳገኘ አያደርገውም። የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፦ ተክሉ በውስጡ ያለውን የመከላከያ ኃይል ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት እንዲያዘጋጅ ምልክት ይሰጠዋል። በሽታ፣ የውሃ እጥረት ወይም ብርድ ዕድገቱን ሊገታው ይችል የነበረ ተክል ይህን ምልክት በጊዜው ካገኘ፣ በጥቃቱ ምክንያት ሊያጣው የነበረውን ዕድገት ያተርፋል። አስፕሪን የሚሰጠው ጥቅም ይህ መሆኑን የተረዳ ሰው መቼ፣ በምን ያህል መጠንና በየትኛው ተክል ላይ እንደሚጠቀምበት መወሰን አይከብደውም።

በተክሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር

አስፕሪን በኬሚስትሪ ስሙ አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድ ይባላል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ፣ ቅጠል ውስጥ ሲገባ ደግሞ በፍጥነት፣ ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ወደሚባሉ ሁለት ነገሮች ይከፈላል፤ አሴቲክ አሲድ የኮምጣጤን ጣዕም የሚሰጠው አሲድ ነው። ለተክሉ ዋናው ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ከጥንት ጀምሮ ለሕመም ማስታገሻነት ሲያገለግል የኖረው ለዚህ አሲድ ቅርብ ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር ስላለበት ነው። በ1897 በጀርመኑ የባየር ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ሆፍማን አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድን በንጹሕ መልኩ ያዘጋጀ ሲሆን፣ ኩባንያው በ1899 አስፕሪን በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

ሳሊሲሊክ አሲድን የሚሠራው አኻያ ብቻ አይደለም። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ትምባሆና ሌሎችም ብዙ ተክሎች በትንሽ መጠን በራሳቸው ያመርቱታል። በ1979 ሬይመንድ ዋይት የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ የአስፕሪንን ውሁድ በትምባሆ ቅጠል ውስጥ በመርፌ ከወጋ በኋላ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በቅጠሉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንደቀነሰ ተመለከተ። በ1990 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ በትምባሆ ሌላው በኪያር ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ተክሉ በበሽታ አምጪ ሲጠቃ በውስጡ ያለው የሳሊሲሊክ አሲድ መጠን እንደሚጨምር አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ በሰፊው ተጠንቷል፦ አንድ ቅጠል ሲጠቃ የሚነሣው ምልክት ወደ ቀሪው የተክሉ ክፍል ይደርሳል፤ ያልተነኩት ቅጠሎችም ፈንገስንና ባክቴሪያን የሚዋጉ ፕሮቲኖችን ማምረት ይጀምራሉ። ይህ ዝግጁነት ለመዳበር ጥቂት ቀናት ይወስዳል፤ ከዳበረ በኋላ ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በአስፕሪን ውሃ የተረጨ ተክል እንግዲህ ያልመጣ ጠላት እንደመጣ ቆጥሮ ይዘጋጃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ መያዝ ይገባል፤ የአስፕሪን አጠቃቀም ስሕተት ሁሉ ማለት ይቻላል እነዚህን ካለማወቅ የሚመጣ ነውና። አንደኛው፣ መከላከል ለተክሉ በነጻ የሚገኝ አለመሆኑ ነው። የመከላከያ ፕሮቲን ለማምረት የሚውለው ስኳርና ናይትሮጅን ቅጠልና ፍሬ ሊሆን ይችል የነበረው ነው። የመከላከያ ሥርዓታቸው ሁልጊዜ እንደበራ የሚቀር ተክሎች በቤተ ሙከራ ሲታዩ ቁመታቸው አጭር፣ ቅጠላቸውም ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ አስፕሪንን አብዝቶ ወይም አዘውትሮ መስጠት ዕድገትን ያቀጭጫል እንጂ አይጨምርም።

ሁለተኛው፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ተክሉን ከሁሉም ጠላት የማይጠብቅ መሆኑ ነው። በሕይወት ካለ ሕዋስ ምግብ የሚስቡትን፣ ለምሳሌ ቫይረሶችን፣ ብዙ ባክቴሪያዎችንና በቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስለውን ነጭ ሻጋታ፣ ለመከላከል ያግዛል። አባጨጓሬና ሌሎች ቅጠል ቆርጣሚ ነፍሳት ሲመጡ ግን ተክሉ የሚጠቀመው ጃስሞኒክ አሲድ የሚባለውን ሌላ ሆርሞን ሲሆን፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ይህን ሁለተኛ መንገድ የሚጫን ጠባይ አለው። አስፕሪን በቲማቲም ቅጠል ውስጥ የጃስሞኒክ አሲድን መመረት እንደሚገታ በምርምር ታይቷል። ሕዋስን ገድለው የሚመገቡ እንደ ግራጫ ሻጋታ ያሉ ፈንገሶችም በአብዛኛው የሚገቱት በዚሁ በሁለተኛው መንገድ ነው። በመሆኑም አባጨጓሬ እየበላው ያለን ጎመን ወይም ቲማቲም በአስፕሪን መርጨት ተክሉን ይበልጥ ለነፍሳቱ ማጋለጥ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ነፍሳቱን ለቅሞ ማስወገድ፣ ተክሉም እስኪያገግም መጠበቅ የተሻለ ነው።

ለየትኞቹ ተክሎች

ከሁሉ በላይ ተስማሚ ሆነው የሚገኙት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ደበርጃን፣ ኪያርና ዱባ ናቸው። እነዚህ በቅጠል በሽታ በቀላሉ የሚጠቁ፣ ረጅም ጊዜ ፍሬ የሚሰጡ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድመው ቢጠበቁም ልዩነቱ በምርት ላይ ሊታይ የሚችልባቸው ተክሎች ናቸው። ድንች የቲማቲም ዘመድ ቢሆንም በተፈጥሮው በቅጠሉ ውስጥ ከፍ ያለ የሳሊሲሊክ አሲድ ክምችት ስላለው ከውጭ የሚጨመርለት ብዙ ለውጥ ያመጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አተር፣ ባቄላና አልፋልፋ ላይ ግን አስፕሪን ባይረጭ ይመረጣል። እነዚህ ተክሎች ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኙት በሥራቸው ላይ በሚያበጁት እባጭ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር በመተባበር ነው፤ ባክቴሪያው ወደ ሥሩ እንዲገባ ደግሞ ተክሉ መከላከያውን ዝቅ ማድረግ አለበት። ሳሊሲሊክ አሲድ መከላከያውን ስለሚያነሣ የእባጮቹን መፈጠር ይቀንሳል። ለእነዚህ ተክሎች የሚጎዳቸውን ነገር በጥቅም ስም መስጠት ያሳዝናል።

ሰላጣንና ቅጠላቸው በቀጥታ የሚበላ ሌሎች አትክልቶችንም በበኩሌ አልመክርም። ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ መከላከያው ሳይዳብር የመከር ጊዜያቸው ይደርሳል፤ የሚረጨውም ነገር የሚያርፈው በሚበላው ክፍል ላይ ነው።

የኪኒኑ ምርጫና የመጠኑ ስሌት

ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ምንም ያልተጨመረበት፣ ሽፋን የሌለው ተራ የአስፕሪን ኪኒን ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይጠቀሙ። ከካፌይን ወይም ከፓራሲታሞል ጋር የተቀላቀለ ኪኒን አይሆንም። ጨጓራን እንዳይጎዳ ተብሎ በሽፋን የተለበጠው ዓይነት ሽፋኑ በአሲድ ውስጥ እንዳይሟሟ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ በውሃ ውስጥ በደንብ አይለቅም። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው ዓይነትም ሶዲየም ስላለበት መተው አለበት፤ ሶዲየም ለተክል የማይጠቅም፣ ሲጠራቀም ደግሞ አፈርን የሚያበላሽ ነው።

ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን ለሰው መሰጠት የለበትም፤ ለተክል ግን ያገለግላል። ሣጥኑ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ መምጣቱ ኪኒኑ በእርጥበት ምክንያት ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ መከፈል እንደጀመረ ያሳያል። ተክሉ የሚፈልገው ሳሊሲሊክ አሲዱን ስለሆነ ይህ መከፈል ጉዳት የለውም።

መጠኑን ለመወሰን ኪኒን መቁጠር አይበቃም፤ የኪኒኑ ክብደት መታየት አለበት፤ ምክንያቱም በአንዱ ኪኒን ውስጥ 100 ሚሊግራም፣ በሌላው 300፣ በሌላው ደግሞ 500 ሚሊግራም ሊኖር ይችላል። አስተማማኝ የሆነው መነሻ በአንድ ሊትር ውሃ 75 ሚሊግራም ያህል ነው። ይህም ማለት ባለ 300 ሚሊግራም አንድ ኪኒን ለ4 ሊትር ውሃ፣ ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ኪኒን ለስድስት ሊትር ተኩል ውሃ ይበቃል። ገና በመደብ ላይ ላሉ ወይም በቅርቡ ለተዛወሩ ችግኞች የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 300 ሚሊግራሙ በ8 ሊትር ውሃ የተበረዘው፣ ይበቃል። ሁለት ሦስት ኪኒን በአንድ ሊትር የሚል ምክር ካጋጠመዎ አይቀበሉት፤ በዚያ ውፍረት የተረጨ ቅጠል ጠርዙ ሊቃጠልና ቡናማ ነጠብጣብ ሊያወጣ፣ ተክሉም ዕድገቱን ሊያቆም ይችላል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ ወይም በንጹሕ ሙቀጫ አድቅቀው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይጨምሩና ያማስሉ። የፈላ ውሃ አያስፈልግም። ሩብ ሰዓት ያህል ካቆዩት በኋላ ከብርጭቆው በታች የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ በአብዛኛው ኪኒኑን ለማያያዝ የገባ ስታርች ነው፤ የመርጫውን ቀዳዳ እንዳይደፍን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥሉት። ከዚያም ከቀሪው ውሃ ጋር ይደባልቁት። እንደ ሽንኩርት ያሉ ቅጠላቸው በሰም መሰል ነገር የተሸፈነ ተክሎች ላይ ውሃው ተንከባልሎ ስለሚወርድ፣ በ4 ሊትሩ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ውሃው በቅጠሉ ላይ እንዲለጠፍ ይረዳል። ከዚህ የበለጠ ሳሙና ራሱ ቅጠል ያቃጥላል።

ውሁዱን በተዘጋጀበት ቀን መጨረስ ይገባል። አመድ ወይም ቤኪንግ ሶዳ አይጨምሩበት። በተለይ ከመዳብ ከተሠሩ ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች ጋር በአንድ መርጫ ውስጥ መቀላቀል አደገኛ ነው፤ አሲድነት ያለው ውሃ መዳቡ ከሚገባው በላይ እንዲሟሟ ስለሚያደርግ ቅጠሉ ሊቃጠል ይችላል። መዳብ በተረጨበት ሳምንት አስፕሪኑን መዝለል ይሻላል።

አረጫጨትና ጊዜው

በመጀመሪያው ቀን መላውን መደብ አይርጩ። ከአንድ ተክል ላይ ሁለት ሦስት ቅጠሎችን ብቻ ረጭተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ቢጫ መሆን፣ መጠቅለል ወይም ነጠብጣብ ከታየ ውሁዱን በእኩል መጠን ውሃ በርዘው ሙከራውን ይድገሙት።

የመርጫው ጊዜ ማለዳ ነው። ጤዛው ደርቆ ፀሐዩ ሳይበረታ ያለው ሰዓት ቅጠሉ ውሃውን ለመውሰድ ጊዜ የሚያገኝበትና ከዚያም ቶሎ የሚደርቅበት ነው። ማታ መርጨት ቅጠሉን ሌሊቱን እርጥብ አድርጎ ስለሚያሳድር ሊከላከሉት ለተነሡት ሻጋታ መንገድ ይከፍታል፤ ቀትር ላይ መርጨት ደግሞ ቅጠሉን ለቃጠሎ ያጋልጣል። የጠወለገ ተክል ከመረጨቱ በፊት በደንብ ውሃ ጠጥቶ መቆም አለበት። ዝናብ የሚጠበቅበት ቀንም አይመረጥም።

መርጫውን ጭጋግ በሚመስል ቀጭን ፍንጣቂ አስተካክለው የቅጠሉን የላይኛውን ብቻ ሳይሆን የታችኛውንም ገጽ ያርሱ፤ አየር የሚያስገቡት የቅጠል ቀዳዳዎች በብዙ ተክሎች ላይ በብዛት የሚገኙት ከታች በኩል ነው። ውሃው ከቅጠሉ ጫፍ መንጠባጠብ ሲጀምር ያቁሙ። የተከፈተ አበባ ላይ አይርጩ፤ ንቦች በሚሠማሩበት ሰዓትም ከመርጨት መቆጠብ ይገባል።

የመጀመሪያው መርጫ ችግኙ ከተዛወረ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ይሁን። ከዚያ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ይበቃል። ብርድ ወይም ረጅም እርጥበት የሚጠበቅ ከሆነ ከዚያ አራት አምስት ቀን ቀደም ብሎ መርጨት ተክሉ እንዲዘጋጅ ጊዜ ይሰጠዋል። በሽታው ከያዘው በኋላ መርጨት ግን የተበላሸውን ቅጠል አይመልስም፤ በዚያን ጊዜ የታመሙትን ቅጠሎች ቆርጦ ማስወገድና በተክሎቹ መካከል አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ይቀድማል።

ወደ አፈር ማፍሰስን በተመለከተ፣ አንዳንዶች የአስፕሪን ውሃን እንደ መስኖ ያጠጣሉ። በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሳሊሲሊክ አሲድን በፍጥነት ስለሚያፈርሱት አብዛኛው በከንቱ ይሄዳል። ቅጠል ላይ መርጨቱ ቁጥብ መንገድ ነው።

ዘርን መዘፍዘፍ

የቲማቲምና የቃሪያ ዘርን ከመዝራት በፊት ለችግኝ በተጠቀሰው ግማሽ መጠን ውስጥ ለ6 ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ፣ ዘሩ በማይመች ሁኔታ ውስጥ ሲበቅል ጠንከር እንዲል ሊረዳው ይችላል። ከመጠን በላይ የሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ ግን ዘር እንዲበቅል የሚያደርገውን ጂበሬሊን የተባለ ሆርሞን ስለሚቃረን መብቀሉን ያዘገያል፤ ስለዚህ ማጎበዝ በፈለጉ ቁጥር መጠኑን ማሳደግ ተቃራኒውን ውጤት ያስከትላል። የተዘፈዘፈውን ዘር በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ወዲያው ይዝሩት።

ለሰውና ለቤት እንስሳት ጥንቃቄ

የተበረዘው ውሃ ደካማ ቢሆንም አስፕሪን መድኃኒት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ኪኒኖቹም የተዘጋጀው ውሁድም ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ፤ በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አይጨምሩት። አስፕሪን ወይም ሳሊሲሌት (የሳሊሲሊክ አሲድ ዘመድ የሆኑ ንጥረ ነገሮች) አለርጂ ያለበት ሰው መርጨቱን ለሌላ ይተው፤ ከተረጨ ተክል የተለቀመውንም ፍሬ ሳይታጠብ አይብላ። የሚረጭ ሰው ሁሉ ጓንት ያድርግ፤ ነፋስም ከኋላው እንዲሆን ቆሞ ይርጭ። ድመት የአስፕሪንን ዓይነት መድኃኒት ከሰውነቷ የምታስወግደው እጅግ በዝግታ ስለሆነ በትንሽ መጠን እንኳ ልትመረዝ ትችላለች፤ ቅጠሉ እስኪደርቅ ከመደቡ ትራቅ፤ የተረፈ ውሃም በክፍት ዕቃ ውስጥ አይተው።

ፍሬው ለመለቀም ሁለት ሳምንት ሲቀረው መርጨት ይቁም፤ ከለቀማ በኋላም ፍሬው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ምርቱን ለሽያጭ የሚያቀርብ ሰው በተክል ላይ ስለሚረጩ ነገሮች በሚኖርበት አገር የወጣውን ደንብ አስቀድሞ ሊያጣራ ይገባል፤ አስፕሪን ለሰው መድኃኒትነት መፈቀዱ ለሰብል መርጫነት ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ውጤቱን መለየት

አንድ ተክል በአስፕሪን ተረጭቶ ቢያምርበት ያማረው በአስፕሪኑ ነው ለማለት ያልተረጨ አቻ ያስፈልገዋል። ያለዚህ ዝናቡ፣ ብስባሹ ወይም ደግ ወቅት ያመጣውን ፍሬ ለኪኒኑ መስጠት ቀላል ነው፤ የአስፕሪን ዝና ከሚገባው በላይ የገነነውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ቀን የተተከሉ፣ እኩል ፀሐይ የሚያገኙ ተክሎችን በሁለት ይክፈሉ። አንደኛውን ወገን በአስፕሪኑ ውሃ፣ ሌላኛውን በዚያው ሰዓት በንጹሕ ውሃ ብቻ ይርጩ፤ ሳሙና ከተጨመረ ለሁለቱም ይጨመር። በእንጨት ላይ ምልክት አድርገው በየመደቡ ይትከሉ፤ በየሳምንቱ ቁመታቸውን፣ የታመሙ ቅጠሎችን ብዛትና የተለቀመውን ፍሬ ክብደት በደብተር ይመዝግቡ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በአስቸጋሪ ወቅት ነው። በሽታም ብርድም ሳይኖር ባለፈ ወቅት ሁለቱ መደቦች እኩል ቢሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የተረጨው ወገን በጥቂቱ ቢያንስ እንኳ ምክንያቱ ከላይ የተገለጸው የመከላከል ዋጋ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ በሁለት መርጫዎች መካከል ያለውን ጊዜ ወደ ስድስት ሳምንት ማራዘም ወይም መርጨቱን ለእርጥበታማው ወቅት ብቻ ማቆየት ነው። በሁለቱም መደቦች የታችኞቹ ቅጠሎች እኩል ቢጫ እየሆኑ ከሄዱ ደግሞ ጉዳዩ የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ስለሚችል፣ የአስፕሪኑን ሣጥን መልሶ ዘግቶ በደንብ የተብላላ ብስባሽ ከሥሩ ዙሪያ መጨመር ይገባል።